ነፋሱን በተራ መቀበል

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት የስፖርት መምህርት የሆኑ አባላችን ያቀረቡት ንግግር



ኮሚቴው እንድናገር የጋበዘኝ ከሰዓት በኋላ ድምፅ በምትሰጡበት ጉዳይ ላይ ነው። ከቁጠባችን ትርፍ ላይ ገንዘብ ወጥቶ ለሴት ተማሪዎች ብስክሌት ይገዛ ወይስ አይገዛ? ባለፈው ስብሰባ ብዙ ተከራክረንበታል። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ በውድድር ስለሚታወቁ ሴት ብስክሌተኞች ነው። ከእኛ ጋር ምን አገናኛቸው የምትል ካለች ጥቂት ትታገሠኝ።

ብዙ ሰው የብስክሌት ውድድርን እንደ ሩጫ ያየዋል፤ እግሩ የጠነከረ ቀድሞ የሚገባበት። ነገር ግን በሜዳ ላይ ከሁሉ በላይ ጉልበት የሚበላው ነፋስ ነው። ፊት የምትሄደው ልጅ ነፋሱን በደረቷ ትሰነጥቃለች፤ ከኋላዋ ተጠግታ የምትከተላት እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ታተርፋለች። ብቻዋን ፊት የቆየች ቶሎ ትደክማለች። ስለዚህ አንዷ ጥቂት ትመራለች፤ ሲደክማት ወደ ጎን ወጥታ ወደ ኋላ ትመለስና ቀጣይዋ ትተካለች። ይህን ለጎጃም ሴት ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ወንፈል ነው። ዛሬ የእኔ ማሳ፣ ነገ የአንቺ።

በቡድን ውስጥም ሥራ ይከፋፈላል። ውሃ የምታመላልስ አለች። ዋናዋ ተወዳዳሪ ጎማ ቢተነፍስባት የራሷን ጎማ ፈትታ ሰጥታ መንገድ ዳር የምትቀር አለች። ሜዳሊያው በአንዷ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ የሽልማቱን ገንዘብ ግን በልማድ ቡድኑ ይካፈለዋል።

ይህ ስፖርት ለሴቶች የተከፈተው ዘግይቶ ነው። ወንዶች በመጀመሪያው የአቴንስ ኦሎምፒክ በብስክሌት ሲወዳደሩ ዓመቱ 1888 ዓ.ም. ነበር፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ዓድዋ ላይ ድል ያደረጉበት ዓመት። ሴቶች በኦሎምፒክ የብስክሌት ውድድር የተፈቀደላቸው ግን በ1976 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። 88 ዓመት ጠብቀዋል። የእኛም ወንዶች ቀድመው ሄደዋል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሎምፒክ፣ በኅዳር 1949 ዓ.ም.፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩን። ሰላም አምሃ የአገሯን መለያ ለብሳ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ከሴት ብስክሌተኞች ጋር የተሰለፈችው በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ነው።

የዚያ ቀን መንገድ 137 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚህ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ቡሬን፣ እንጅባራንና ዳንግላን አልፎ ወደ መርአዊ መቃረብ ማለት ነው፤ ያውም ያለ ዕረፍት። በዚያ ኦሎምፒክ ለወንዶች የጎዳና ውድድር 130 ቦታ ተሰጥቶ ነበር፤ በሴቶቹ የተሰለፉት 67 ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ለወንድም 90፣ ለሴትም 90 ሆነ። ማንም ደግ ሆኖ አልሰጣቸውም፤ ሴቶቹ በየአገሩ እየጠየቁና እየተከራከሩ ያገኙት ነው።

በአገራችን የብስክሌት ስፖርት ዋና ቤቱ መቀሌ ነው። እንደ ጉናና ትራንስ ኢትዮጵያ ያሉ ክለቦች የነበሩባት፣ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ የወጣባት ከተማ ናት። ከትግራይ ሴቶችም ወጥተዋል። ከእነሱ አንዷ ኢየሩ ተስፎአም ገብሩ ናት። ስዊዘርላንድ፣ ኤግል በምትባል ከተማ የዓለም ብስክሌት ማኅበር ያቋቋመው ማሠልጠኛ አለ፤ ክለብና ዕቃ ከሌለባቸው አገሮች የሚመጡ ልጆች የሚሠለጥኑበት ነው። ኢየሩም እዚያ ሠልጥናለች። ከዚያ የትግራይ ጦርነት መጣ። ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ የቤተሰብ ድምፅ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለዚህ አዳራሽ መንገር አያስፈልግም። ኢየሩ ፈረንሳይ ውስጥ ጥገኝነት ጠይቃ ቀረች፤ በኋላም ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ልጃገረዶችን በሚያሳድግ አንድ የሴቶች ቡድን ውስጥ ገባች። ሐምሌ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ ስትሰለፍ የለበሰችው የስደተኞችን ቡድን መለያ ነበር። ያ ቡድን 37 ስፖርተኞች ነበሩት።

በዚያው መስመር ላይ ሁለት የአፍጋኒስታን እኅትማማቾች፣ ፋሪባና ዩልዱዝ ሃሺሚ፣ ተሰልፈው ነበር። አገራቸው በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በታሊባን እጅ ስትወድቅ ሴት ብስክሌተኞች ብስክሌታቸውን የደበቁበት ጊዜ ነበር። ከአገር የወጡት ተበታተኑ፤ ግን ተፈላለጉ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወደ 50 የሚጠጉ አፍጋናውያን ሴቶች ከየተሰደዱበት ተጠራርተው በዚያችው በኤግል የአገራቸውን ሻምፒዮና አካሄዱ። ፋሪባ አንደኛ፣ ታላቋ ዩልዱዝ ሁለተኛ ወጡ። አገር በሌለበት የአገር ሻምፒዮና ማድረግ! ይህን ያደረገው የእግር ጉልበት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። እርስ በርስ የተያያዙበት ገመድ ነው።

እናቶቼ፣ “ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ወሬ ነው” እንዳትሉኝ። በ2018 ዓ.ም.፣ ከመስከረም 11 እስከ 18፣ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ በኪጋሊ ተካሂዷል። ከአውሮፓ የመጡት ተወዳዳሪዎች ስለ ከተማዋ ከፍታ ብዙ ተጨነቁ። የኪጋሊ ከፍታ ግን ከፍኖተ ሰላም ያነሰ ነው። እነሱ ለሳምንታት ሊለምዱት የሚታገሉትን አየር የእኛ ልጆች ከተወለዱ ጀምሮ ይተነፍሱታል። ከዚያ ቀደም ብሎ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የሞሪሺየሷ ኪምበርሊ ለኮርት በሴቶች ቱር ደ ፍራንስ የመሪነቱን ቢጫ መለያ በመልበስ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆናለች።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። እኔ ባሕር ዳር ስማር ነው ብስክሌት የለመድኩት፤ በሰዓት እየተከራየሁ። ባሕር ዳር ሴት ብስክሌት ላይ ብትታይ ዞሮ የሚያያት የለም። እዚህ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ እሑድ እሑድ ማለዳ ስድስት ተማሪዎችን በአራት ብስክሌት አለማምዳለሁ። ሁለቱ የወንድሞቻቸው፣ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ፣ አንዱ የእኔ ናቸው። ሁለቱ ሲጠብቁ አራቱ ይነዳሉ፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዷ ልቅደም ትል ነበር። ከወር በኋላ ግን ሳልነግራቸው የደከመችውን ወደ ኋላ አስገብተው ነፋሱን ራሳቸው መቀበል ጀመሩ። አንዷ ካቴናዋ ወልቆ ስትወድቅ ሦስቱም ወርደው፣ ደሟን በነጠላ ጠርገው፣ እየገፉ አምጥተዋታል። በክፍል ውስጥ አንድ ቃል የማትናገር ልጅ እዚያ “በርቺ፣ ደርሰናል!” እያለች ስትጮህ ሰምቻለሁ።

ከስድስቱ አንዷ ከጥር ወዲህ የለችም። በማንኩሳ በኩል ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት እየተመላለሰች ነበር የምትማረው። ኪራዩ ሲጨምር አባቷ መክፈል አቃተው። በእግር ሁለት ሰዓት መምጫ፣ ሁለት ሰዓት መመለሻ ነው፤ አልቻለችም። ባለፈው ወር ቤተሰቧን ጠይቄ ነበር። ሽማግሌ መጥቶ እንደሄደ ነገሩኝ። በብስክሌት ያ መንገድ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። እንግዲህ የምንከራከርበት ነገር ይህ ነው።

ባለፈው የተነሡትን ሥጋቶች ላንሣ። “ለሴት ልጅ ነውር ነው” ተብሏል። የጎጃም ወይዛዝርት በበቅሎ ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ሠርግ ሲሄዱ ነውር ያለ አልነበረም፤ እንዲያውም የክብር ምልክት ነበር። የብስክሌቱም መቀመጫ ኮርቻ ነው የሚባለው። በሹክሹክታ “ድንግልናዋን ይወስዳል” ያላችሁኝም አላችሁ። ልጅነትን የሚወስድባት ያለ ዕድሜዋ መዳሯ ነው፤ ብስክሌት የማንንም ክብር አይወስድም። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ እስክታመጣ ድረስ በቁምጣ የምትሮጥ ሴት ልጅ ስንቱን ታሳፍር ነበር። ዛሬ የምታፍር እናት አለች?

“መንገዱ አደገኛ ነው” ያላችሁት ግን እውነት ነው። አይሱዙውም ባጃጁም አይምርም። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ደንብ አለው። ብስክሌቶቹ የማኅበሩ ንብረት ይሁኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ይገዙ፤ ለገጠር ተማሪዎች እንደ ዕቁባችን በተራ ይሰጡ፤ ትምህርቷን የጨረሰች ለቀጣይዋ ታስረክብ። ራስ መከላከያ ሳታደርግ ማንም አትነዳ። ብቻዋን ማንም አትሂድ፤ በአንድ አቅጣጫ ያሉት ተጠባብቀው በሰልፍ ይሂዱ፤ ሲመሽ አይነዳ። ሁለት ልጆች ከጎሚስታ ዘንድ ካላማዳሪያ መለጠፍና ፍሬን ማስተካከል ይማሩ፤ ነገ እንጀራም ይሆናቸዋል።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለኝ። በሌላ ቦታ በርዳታ የመጡ ብስክሌቶች በየመጋዘኑ ቆመው አይቻለሁ፤ የጎደላቸው አንድ ጎማ ወይም አንድ ካቴና ነው። ስለዚህ ብዙ ብስክሌት አትላኩልን። እኛ እንገዛለን። እናንተ በየዓመቱ መለዋወጫ ብትችሉልን፣ የምንገዛው ነገር ይቆማል ብለን አንፈራም።

ከእነዚህ ልጆች ኪጋሊ ወይም ፓሪስ የምትደርስ ትኖር ይሆናል፤ ላትኖርም ትችላለች። እሱን ለክለብና ለፌዴሬሽን እንተወው። እኛ የምንወስነው ዘጠነኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አሥረኛ ትድረስ አትድረስ የሚለውን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እኛ ደግሞ ከሃምሳ በላይ ነን።

ከእኛ በፊት የነበሩ ሴቶች በዚህች ከተማ ነፋሱን ፊት ሆነው ተቀብለውልናል። ቀበሌ ለቀበሌ ዞረው ይህን ማኅበር ያቋቋሙት አሁን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሲደክማቸውም አይተናል። ተራው የእኛ ነው። ድምፅ ስትሰጡ ይህን አስቡልኝ።