የባልትና ጸሐፊዋ አቤቱታ



በአሜሪካ ባርነትን ስለታገሉ ሰዎች ሲነሳ አንዱ ፍሬድሪክ ዳግላስን፣ ሌላው ጆን ብራውንን መጥራቱ አይቀርም። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ግን የአንዲት ባለሙያ ሴት ታሪክ ነው። ባለሙያ ስል በእናቶቻችን አነጋገር ነው፤ ጓዳዋን የምታውቅ፣ ያለውን አብቃቅታ ቤት የምታቆም። ስሟ ሊዲያ ማሪያ ቻይልድ ይባላል።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1802 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሜድፎርድ በምትባል ከተማ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቷ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ወንድሟ ኮንቨርስ ሃርቫርድ ገባ፤ የሃርቫርድ በር ግን ለሴት ዝግ ስለነበር እሷ የተማረችው በአብዛኛው በራሷ ንባብ ነው። በ1824 የመጀመሪያ ልቦለዷን አሳተመች፤ በ1826 ለልጆች የሚሆን መጽሔት ጀመረች። በ1828 ዴቪድ ቻይልድ የተባለ ጠበቃና ጋዜጠኛ አገባች። ሰውየው ቅን ነው፤ ለእውነት ሲል ከማንም ይጣላል፤ ገንዘብ ግን እጁ ላይ አይበረክትም። ዕዳው እየከመረ ሲሄድ ቤቱን ያቆመው የሚስቱ ብዕር ነበር።

ያ ብዕር በ1829 አንድ የባልትና መጽሐፍ ወለደ፤ «ቆጣቢዋ የቤት እመቤት» ልንለው እንችላለን። የደረቀ ዳቦ ምን እንደሚደረግ፣ ርካሽ ሥጋ እንዴት እንደሚጣፍጥ፣ የቤት ውስጥ መድኃኒት እንዴት እንደሚሰናዳ ይናገራል። መጽሐፉ የተጻፈው አሽከርና ገረድ ለሌላት፣ ሳንቲም ለምትቆጥር ሴት ነው፤ ከ30 ጊዜ በላይም ታተመ። እንግዲህ ይህች ሴት በ31 ዓመቷ በአገሯ ስሟ የታወቀ፣ በእያንዳንዱ ጓዳና በእያንዳንዱ የልጆች መኝታ ቤት የምትወደድ ጸሐፊ ነበረች። ቀጥላ ያደረገችውን ለመመዘን ይህን አትርሱብኝ። የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው ድፍረትና የሚያጣው ነገር ያለው ሰው ድፍረት አንድ አይደሉም።

በ1833 ባርነትን የሚሞግት መጽሐፍ አወጣች። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አፍሪካውያን ተብለው ለሚጠሩት አሜሪካውያን ወገኖች የቀረበ አቤቱታ» ይሆናል። እዚህ ርእስ ላይ ትንሽ እንቆይ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በባርነት ቀንበር ሥር ነበሩ። ባርነትን የማይወዱ ብዙ ጨዋ ሰዎችም መፍትሔው ነፃ የወጡትን ጥቁሮች ወደ ላይቤሪያ መስደድ ነው ይሉ ነበር፤ ለዚህ ሥራ የቆመ ማኅበርም ከ1816 ጀምሮ ነበራቸው። ቻይልድ ገና በሽፋኑ ላይ መልስ ሰጠቻቸው። እናንተ አፍሪካውያን ትሏቸዋላችሁ፤ አሜሪካውያን ናቸው፤ ወዴት ነው የምትሰድዷቸው? ነገረ ፈጅ ሆና የቆመች ሴት ሙግቷን በሽፋኑ ጀመረች ማለት ነው።

ውስጡን ስንገልጥ ያቺው የባልትና ጸሐፊ ናት የምታናግረን። የባርነትን ታሪክ ከጥንቱ ጋር ካስተያየች በኋላ ሒሳብ ትይዛለች። ባሪያ ደመወዝ የለውምና ለሥራው አይተጋም፤ መሣሪያው ቢሰበር አይገደውም፤ ጌታው ጠባቂና ገራፊ ይቀጥራል፤ መሬቱም ያለ እረፍት እየታረሰ ይደክማል። ብክነትን ነቅሶ ማውጣት የለመደ ዓይን ባርነትን እንደ ትልቅ ብክነት ያያል። ይህ ቀዝቃዛ ስሌት የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን የመጽሐፉ ብልሃት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። እንባ ያላንቀሳቀሰውን ነጋዴ ሒሳብ ያንቀሳቅሰዋል።

ስለ ጥቁር ሕዝብ አእምሮ በጻፈችው ምዕራፍ ደግሞ የእኛም ስም ይገኛል። ኢትዮጵያ በጥንት ሕዝቦች መካከል ከፍ ያለ ስፍራ እንደነበራትና ኩሩዎቹ ግሪኮች እንኳ እንዳከበሯት ታነሳለች። የግሪኮች «ኢትዮጵያ» በአመዛኙ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የናይል አገር የሚጠራ ነበርና ምስጋናውን ሁሉ ለብቻችን መውሰድ ደግ አይሆንም። ቢሆንም የጥቁር ሰው አእምሮ ዝቅተኛ ነው ለሚለው ዘመን መልስ ስትፈልግ ይህን ስም ምስክር አድርጋ ጠርታለች።

ቦስተንን ያስቆጣው ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ይመስለኛል። የደቡቡን ባሪያ አሳዳሪ ብትወቅስ ኖሮ የሰሜኑ ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ባነበበላት ነበር። እሷ ጣቷን ወደ ገዛ ጎረቤቶቿ መለሰች። በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በሠረገላ ላይ ጥቁሩን የምትለዩ እናንተስ? ብላ ጠየቀች። በማሳቹሴትስ ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክለው ሕግ ይሻር አለች። ሕጉ የተሻረው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1843 ነው።

ዋጋውን ከፈለች። የቦስተን አቴኒየም ቤተ መጻሕፍት የሰጣትን የንባብ ፈቃድ ነጠቃት። ወላጆች የልጆቹን መጽሔት ደንበኝነት ሰረዙ፤ በ1834 አዘጋጅነቱን ለቀቀች። የባልትናው መጽሐፍ ሳይቀር ገበያው ቀዘቀዘ። በሌላ በኩል ታዋቂው ሰባኪ ዊልያም ኤለሪ ቻኒንግ ሊያመሰግናት በእግሩ ቤቷ ድረስ ሄደ። ኋላ በሴኔት የባርነት ብርቱ ተቃዋሚ የሆነው ቻርልስ ሰምነርም መጽሐፏ በአስተሳሰቡ ላይ ያሳደረውን ለውጥ መስክሯል።

የመካከሉን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። ባሏ በባሪያ ጉልበት ከሚመረተው የሸንኮራ ስኳር ይልቅ ከቀይ ሥር ዝርያ ስኳር እናውጣ ብሎ ኖርዝሃምፕተን ላይ እርሻ ጀመረ፤ ከሰረ። እሷ ከ1841 እስከ 1843 ኒውዮርክ ተቀምጣ የአንድ የፀረ ባርነት ማኅበር ጋዜጣ አዘጋጀች። ከዚያም የገንዘብ ጉዳይዋን ከባሏ ለየች፤ ትዳሩን ግን አላፈረሰችም።

በ1859 ባሮችን በጦር መሣሪያ ነፃ ለማውጣት የተነሳው ጆን ብራውን በቨርጂኒያ፣ ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ቆስሎ ተያዘ። ቻይልድ ላስታምመው ፍቀዱልኝ ብላ ለቨርጂኒያው ገዥ ለሄንሪ ዋይዝ ጻፈች። ከዚህ ተነስታ የአንድ ሴናተር ሚስት የሆነችው ወይዘሮ ሜሰን የዘለፋ ደብዳቤ ሰደደችላት፤ እኛ የደቡብ ሴቶች ባሮቻችን ሲያምጡ እናዋልዳለን፣ እናንተስ ለድሆቻችሁ ምን ታደርጋላችሁ የሚል። በቻይልድ ረጅም መልስ ውስጥ አንድ ቃል ነበረ፦ እኛም አገር ወላድ ያለ አዋላጅ አትቀርም፤ ልዩነቱ ካዋለድን በኋላ ልጇን አንሸጥም የሚል። የደብዳቤው ልውውጥ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ 300,000 ቅጂ ተሠራጨ። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ሰው እጅ የገባ የፀረ ባርነት ጽሑፍ ጥቂት ነው።

በ1861 ከባርነት ያመለጠችውን የሃሪየት ጄኮብስን የሕይወት ታሪክ አርማ ለኅትመት አበቃች። ጄኮብስ ስለ ጆን ብራውን የጻፈችውን የመዝጊያ ምዕራፍ እንድታስቀር የመከረቻት ቻይልድ ናት፤ ምክሩ ልክ ይሁን አይሁን ምሁራን ዛሬም ይከራከሩበታል፤ እኔ ከጄኮብስ ጋር ነኝ። በ1865 ነፃ ለወጡት ሰዎች ማንበቢያ የሚሆን መጽሐፍ አሳተመች፤ የጥቁር ደራስያንን ሥራና የሄይቲን የባሮች አመፅ የመራውን የቱሳን ሉቨርቱርን ታሪክ ያካተተ ነው። በ1880 ዌይላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ አረፈች።

ከማስታወሻዋ መካከል የ1864 ዓመት የሥራ ዝርዝሯ ይገኛል። ሴትዮዋ ያኔም ሒሳብ መያዝ አልተወችም። 235 ደብዳቤ ጽፋለች፤ ለጋዜጦች 6 ጽሑፍ ልካለች፤ 362 ጊዜ ቁርስ፣ 360 ጊዜ ዋና ማዕድ አብስላለች፤ ሳሎኑንና ጓዳውን 350 ጊዜ ጠርጋለች። ኑዛዜዋን መጻፏም በዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ እንደ ሌላው ሥራ ሁሉ፣ በአንድ መስመር ሰፍሯል።