ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር፦ አጥሩና በሩ
(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




የህብረት ሥራ ማህበር የአርሶ አደሩን ጉልበት አሰባስቦ ለገበያ አብቅቷል። ከዚሁ ጎን ለጎን በርካታ የአባላት ልጆች ወፍጮ ቤት፣ የእህል ንግድ ወይም የግብዓት መሸጫ ሱቅ ለመክፈት ሁለትና ሦስት ሆነው ገንዘብ ያዋጣሉ። በቅድሚያ ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሥራው ቢከስር ዕዳው እስከ የት ይደርሳል?

በግለሰብ ስም በተመዘገበ ንግድ የሱቁ ዕዳ የባለቤቱ ዕዳ ነው። አበዳሪው ወደ መኖሪያ ቤቱና ወደ ቁጠባው ሊዞር ይችላል። ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማህበር ግን ማህበሩ ራሱን የቻለ ሰውነት ስላለው አባሉ የሚጠየቀው ባዋጣው ልክ ብቻ ነው። ይህ አጥር በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ የተደነገገ ሲሆን፣ ሕጉን የተካው የ2013 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243ም አጽንቶታል። የአባላት ቁጥር ከ50 አይበልጥም፤ ዝቅተኛው ካፒታልም 15,000 ብር ነው። ቀድሞ ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉ ነበር፤ አዲሱ ሕግ ግን አንድ ሰው ብቻውን እንዲመሰርት ፈቅዷል።

ከህብረት ሥራ ማህበር የሚለይበት ዋና ነጥብም ሊታወቅ ይገባል። በህብረት ሥራ ማህበር አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። በግል ማህበር ግን ድምፅ በድርሻ ልክ ነው። ከ100,000 ብር ውስጥ 60,000 ያዋጣ ሰው በአብዛኛው ውሳኔ ላይ የበላይነት ይኖረዋል። በመሆኑም አነስተኛ ድርሻ ያለው ወንድም ወይም ጎረቤት መብቱ የሚጠበቀው በመመስረቻ ጽሑፉ ነው። ሥራ አስኪያጁ ማን ነው? ትርፍ መቼ ይከፈላል? አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው እንዴት ይገመታል? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደተባለው፣ ይህ ሁሉ በፍቅር ጊዜ መጻፍ አለበት።

አጥር ግን በር አለው፤ በሩን የሚከፍተውም አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው። አንደኛ፣ ማህበሩ በንግድ መዝገብ ከመግባቱ በፊት በስሙ ውል የፈረመ ሰው በግሉ ሊጠየቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ በዓይነት የተዋጣ ንብረት፣ ለምሳሌ አሮጌ ወፍጮ፣ ከዋጋው በላይ ከተገመተ አባላቱ ለልዩነቱ ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ ባንክ ሲያበድር አባሉ በግሉ ዋስ ሆኖ ከፈረመ ወይም ቤቱን ካስያዘ፣ በዚያ ብድር ረገድ አጥሩ አይከላከልለትም። አራተኛና ዋነኛው የኪስ መቀላቀል ነው። የሱቁን ገንዘብ ለሠርግና ለተዝካር እያወጡ፣ የቤቱን ገንዘብ በሱቁ መዝገብ እያስገቡ «ማህበሩ ሌላ፣ እኔ ሌላ» ማለት በፍርድ ቤት አያስኬድም። በተለይ ብቻውን የመሰረተ ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በማህበሩ ስም የባንክ ሂሳብ መክፈት፣ እያንዳንዱን ወጪና ገቢ በደረሰኝ መመዝገብ፣ ውልን በማህበሩ ስምና ማህተም መፈረም፣ ባለቤቱም ቢሆን የሚወስደውን ገንዘብ ደመወዝ፣ ብድር ወይም ትርፍ ብሎ መጻፍ ነው። የመሰረታዊ ማህበራት ሂሳብ ሹሞችና የቁጥጥር ኮሚቴዎች ይህን ልማድ ለዓመታት ኖረውበታል። ልምዳቸውን ለልጆቻቸው ማውረስ ከመነሻ ካፒታሉ የማይተናነስ ስጦታ ነው።

መልካም የምስረታ በዓል!