ሪፈር ጽፌ የሸኘሁት ሰው
በተመራቂዎች መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



ስለ አንድ የምርምር ሥራ እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ ያልኩት «እኔ እኮ ሳይካትሪስት አይደለሁም» ነበር። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ይህ ጥናት ይበልጥ የሚመለከተው እንደ እኔ ያለውን ሐኪም ነው።

ተመርቄ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የተመደብኩት አንድ የገጠር ሆስፒታል ነበር። አንድ ጠዋት አንድ ጎልማሳ እጁ በገመድ ታስሮ መጣ። ታላቅ ወንድሙ «ዶክተር፣ ጠበል ወስደነዋል፤ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን ደግሞ እህል እምቢ አለ» አለኝ። ሰውየው ለብቻው ያወራል። ይስላልም። ሳሉን ሰምቼዋለሁ፤ ሸሚዙን ገልጬ ደረቱን ግን አላዳመጥኩም። «የአእምሮ ሕመም፣ አዲስ አበባ ሄዶ ይታከም» ብዬ ሪፈር ጻፍኩና በአምስት ደቂቃ ሸኘሁት። ወንድሙ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ከወራት በኋላ የራሱን ልጅ ሊያሳክም ሲመጣ ነው መሞቱን የነገረኝ። ለመሳፈሪያ ገንዘብ አጥተው አዲስ አበባ አልሄዱም። «ወደ መጨረሻው ደም ይተፋ ነበር» አለኝ።

ይህን ለማንም ሳልናገር ዓመታት አለፉ። ከዚያ የቡታጅራውን ጥናት አነበብኩ።

ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 ስዊድን፣ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ሥራ ስለ ገጠር ኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና ነበር። ያን ጊዜ ሳይካትሪስት ለመሆን ውጭ አገር መሄድ ግድ ነው፤ የስፔሻሊቲው ትምህርት እዚህ የተጀመረው በ2003 ነው። ለአገሩ ሁሉ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታልም ለረጅም ጊዜ አማኑኤል ብቻ ነበር። እዚያ ተቀምጦ የሚቆጥር ሰው መድረስ የቻለውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ያልደረሰውስ? እሳቸው፣ ዶክተር ደረጀ ከበደና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራና አካባቢው ላይ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት አስጠየቁ። ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው መካከል ለሕመሙ መድኃኒት ወስዶ የሚያውቀው ከ10 በመቶ በታች ነበር። የእኔ በሽተኛ ከቀሩት ከ90ዎቹ አንዱ ነበር ማለት ነው።

ቆጥረው ጥለዋቸው አልሄዱም፤ እዚያው ቡታጅራ በሳይካትሪ ነርሶች የሚመራ ተመላላሽ ሕክምና ተከፈተላቸው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። በ2015 በእነ ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱ የታተመውን ውጤት ሳነብ ራስን ማጥፋት ቀዳሚ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አልነበረም። 121 ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ በተላላፊ በሽታ። ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ቀርቶባቸዋል። የአእምሮው ሕክምና ደጃቸው ድረስ መጥቶላቸው እንኳ! የቀረው ሥራ የማን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ቲቢና የሳንባ ምች የምናክመው እኛ ነን።

በ2022 ደግሞ እነ ፕሮፌሰር ሻርሎት ሃንሎን ላንሴት ሳይካትሪ ላይ ያወጡት ሙከራ አለ። ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሰጡት ክትትል ከሳይካትሪ ነርሶቹ ክትትል እንደማያንስ አሳይቷል። ደስ ይላል። እኔ ባየኋቸው ጤና ጣቢያዎች ግን የሠለጠነው ነርስ ይዛወራል፣ ሃሎፔሪዶሉ ያልቃል፣ ቤተሰቡም እንደገና ሪፈር ይዞ መኪና ፍለጋ ይወጣል። የጤና ጣቢያው ሕክምና ትልቁ ጥቅም ግን ለእኔ ሌላ ነው፦ ያው አንድ ባለሙያ፣ በዚያው ክፍል፣ ሳሉንም መስማት ይችላል።

ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። በውስጥ ደዌ የመጨረሻ ፈተና ላይ አንድ አልጋ ለስኪዞፍሬኒያ ታማሚ ስጡልን። ለብቻው የሚያወራ፣ የሚያስልም ይሁን። ተማሪው ሸሚዙን ይገልጥ እንደሆነ እንይ።