ሕግና ችካል፤ የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አቋቋምና አስተዳደር

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መንገድ በምዕራብ ዓባያ የሙዝ እርሻዎች መካከል፣ የዓባያን ሐይቅ በስተ ግራ እያሳየ ይጓዛል። አርባ ምንጭ ሲደረስ ዓባያንና ጫሞን የሚለየው፣ ሕዝቡ «የእግዜር ድልድይ» ብሎ የሰየመው ቀጭን ምድር ከከፍታው ይታያል። ከዚያ ባሻገር ስሙን ከሣሩ ቀለም ያገኘው የነጭ ሣር ሜዳ ተዘርግቷል።

514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ በ1974 እንደ ተቋቋመ ይነገራል። ነገር ግን «ተቋቋመ» ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ፓርክ በእውነቱ ሦስት ጊዜ ይቋቋማል፤ መጀመሪያ በካርታ፣ ቀጥሎ በነጋሪት ጋዜጣ፣ በመጨረሻም በመሬት ላይ፣ ይኸውም በችካልና በነዋሪው ስምምነት። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ መሠረቱ እንዳልረጋ ሕንፃ ነው፤ ለጊዜው ይቆማል፣ ክብደት ሲያርፍበት ግን ይሰነጠቃል።

አዋሽና ሰሜን ተራሮች በ1969 በየራሳቸው ትእዛዝ በሕግ ታወጁ። ነጭ ሣር ግን ለአሥርተ ዓመታት ወሰኑን የሚደነግግ የራሱ ሕግ ሳይኖረው ተጠበቀ። ውጤቱም ታየ። በ1982 የጉጂ አርብቶ አደሮች ከሜዳው በኃይል ተነሡ፤ መንግሥት በተለወጠበት በ1991 ተመለሱ። በ2004 የአስተዳደሩ ሥራ በውል ለአፍሪካን ፓርክስ ሲሰጥ የኮሬ ገበሬዎች ከፓርኩ ውጭ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ድርጅቱም በ2008 ሥራውን ለቅቆ ሄደ። ፓርኩ በተለይ እንዲጠብቀው የታሰበው ቆርኬ በዚህ ሁሉ መካከል እጅግ ተመናመነ። ሰውም አልረካም፣ አውሬውም አልዳነ።

ሆኖም ግን ጋዜጣ ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ሰሜን ተራሮች ይመሰክራሉ። ሕጉ በ1969 ቢወጣም በውስጡ መንደርና እርሻ ነበር፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ፓርክ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቆጠረ። ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው፤ ለዚህም ወሰኑ እንደገና ተሠርቶ በ2014 በደንብ መታወጁና የግጭ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ስፍራ መዛወራቸው ግድ ሆኗል። በመሆኑም ችካሉ ከሕጉ ጋር፣ ሕጉም ከሰው ኑሮ ጋር መገናኘት አለበት።

ጉዳዩ የአራዊት ብቻ አይደለም። ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸውና የምትጠጣባቸው ምንጮች ከገደሉ ግርጌ፣ በፓርኩ ደን ውስጥ ይፈልቃሉ። ደኑ ለማገዶ በተቆረጠ ቁጥር የሚጎዳው የአርባ ምንጭ ነዋሪ ነው። እንግዲህ የፓርኩ ወሰን የውኃ ሥራ ወሰንም ነው፤ መሐንዲሱም ጉዳዩን ለሕግ ባለሙያው ብቻ ሊተወው አይገባም።

መሠረተ ሐሳቡ በሕግ አለ። የ1995 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት እንዲሁም የታሪካዊ ቅርሶች ጥበቃ ሕግ ማውጣትን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው፤ በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ሥራ ምክንያት የተነሣ ሰው ተመጣጣኝ ካሣ ይገባዋል። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/2007ም የፌዴራሉንና የክልሎችን የአስተዳደር ድርሻ ይለያል። እነዚህ ድንጋጌዎች በአንድ መሬት ላይ ሲገናኙ ማስታረቅ የሚቻለው ግልጽ ወሰን ሲኖር ብቻ ነው።

ስለዚህ የነጭ ሣርን ጉዳይ የሚዳኝ ማንኛውም ሕግ አራት ነገሮችን ማሟላት ይገባዋል፤ በቅየሳ የተረጋገጡና በቦታው የተተከሉ የወሰን ነጥቦች፣ በበጋ ለሚቸገር ከብት የተወሰነ የግጦሽና የውኃ መዳረሻ፣ ሰው ከመነሣቱ በፊት የሚከፈል ካሣ፣ እንዲሁም ጋሞው፣ ጉጂውና ኮሬው ከመንግሥት ጋር የሚቀመጡበት ሸንጎ።

ለዚህ አዲስ ጥበብ መፈለግ አያሻም። ጋሞ በዱቡሻው፣ ጉጂም በገዳው ጉዳይን ተቀምጦ መምከርን ከጥንት ያውቁታል። ቀያሹ መሣሪያውን ከመትከሉ አስቀድሞ በዚያ ቢቀመጥና ቢያዳምጥ፣ የሚተክለውን ችካል ሌሊት የሚነቅል እጅ አይኖርም።