ዘመዳሞች ዜማዎች
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሙዚቃ ክበብ የተሰማ ንግግር



ለዛሬው በዓል ራፕን ከከበሮና ከክራር ጋር አስማምተን እናሰማለን ባልን ጊዜ፣ «የባዕድ ነገር ከአገር ዜማ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ ወላጆች ቀርቦልናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ፣ ሳንመልስ መጫወት አልፈለግንም።

አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በቦሌ መንገድ በታክሲ ስንመላለስ፣ አሜሪካዊው ናስና ጃማይካዊው ዴሚያን ማርሊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ያወጡትን አንድ የራፕ ዘፈን ሰምተን ወደድነው። ከግጥሙ በስተኋላ ያለው ዜማ የአሜሪካ መስሎን ነበር። ስንመረምር ግን የአቶ ሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ሆኖ ተገኘ። የገዛ ሀብታችንን ከሰው እጅ ተቀብለን ሳናውቀው በመቅረታችን አፈርን።

አቶ ሙላቱ በጅማ ተወልደው፣ በእንግሊዝ አገርና በቦስተን ሙዚቃ ተምረዋል። በዚሁ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. በኒውዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባለውን ሸክላ አሳተሙ፤ በዚህም ሥራ የላቲን አሜሪካን ምት ከአገራችን ቅኝት ጋር አጋቡ። የተጠቀሙበት ኮንጋ የተባለው ከበሮም፣ በባርነት ወደ ኩባ የተወሰዱ አፍሪካውያን ጠብቀው ያቆዩት ነው። የብራዚል ሳምባም የተወለደው ከእንደዚሁ ያሉ ሰዎች ልጆች ነው። ራፕን በ1973 ዓ.ም. በኒውዮርክ ብሮንክስ ሰፈር ካስጀመሩት አንዱ ደግሞ ከጃማይካ የሄደ ወጣት ነበር። እንግዲህ እነዚህ ዜማዎች የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች እንጂ ባዕዳን አይደሉም። በምት ላይ ቃል መደርደርም ቢሆን፣ ፉከራና ቀረርቶ ለሚያውቅ ሕዝብ እንግዳ ሊሆን አይችልም።

ይሁን እንጂ የወላጆቻችን ስጋት እውነት አለው። አቶ ሙላቱ ሁለቱን ሊያዋሕዱ የቻሉት ሁለቱንም ስላወቁ ነው። እኛ ግን ከአሥራ አንድ የክበብ አባሎች መካከል ክራር መቃኘት የምትችል አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችን! ስለዚህ ከጥቅምት ወር ጀምሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እርሷ አስተማሪ፣ እኛ ተማሪዎች ሆነን፣ ትዝታንና ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለመለየት ደክመናል። ጣታችን ዛሬም ይሳሳታል።

ውድ ወላጆቻችን፤ ራፑን አትከልክሉን። ይልቁንስ በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ አቧራ የጠጣ ክራር ካለ ላኩልን፤ መቃኘቱን እኛ እንማራለን።

አሁን እንጫወታለን።