ቦኮኒ የማን ስም ነው?

እንደምታውቁት አንድ ሴሚስተር ሚላኖ፣ ቦኮኒ ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ተምሬ መጣሁ። ስለ ምግቡና ስለ ኪራዩ ሌላ ቀን፤ ዛሬ ስለ ስሙ ላውራ።

ዩኒቨርሲቲውን በ1902 ያቋቋመው ፈርዲናንዶ ቦኮኒ የሚባል የልብስ መደብር ባለቤት ነው። የሰየመው ግን በልጁ በሉዊጂ ነው። ሉዊጂ የት ሞተ? ዓድዋ! እነሱ 1896፣ እኛ 1888 በምንለው። ይህን ያወቅሁት ትምህርት ከጀመርኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጎንደሬው አያቴ ምን ይሉኛል?

ክርያት አታ ደወልኩ። አማርኛዬን ከእብራይስጥ እየቀላቀልኩ፣ "አባባ፣ የምማርበት ቤት ዓድዋ ላይ ለሞተ ጣልያን መታሰቢያ ነው" አልኳቸው። ዝም አሉ። መስመሩ ተቆረጠ እንዴ ብዬ ስልኩን አየሁ።

"አባትየው ታድሏል" አሉ። "እኔ በ1984 ልጄን ሱዳን ቀብሬ መጣሁ። ድንጋይ እንኳ አላቆምኩላትም።"

እንዲህ ያለች አክስት እንደነበረችኝ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ስሟን ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ፤ የሂሳብ ደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፍኩት።