በአርቪ ላይ ሁለተኛ ኤሲ፦ የኃይል ምንጩና የመስመሩ ጉዳይ

በሰሜን አሜሪካ አርቪ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ባለ መኝታ ተሽከርካሪ ግድግዳው ስስ፣ መስኮቱ ብዙ በመሆኑ ሙቀት በቀላሉ ይገባዋል። በአሪዞና የሐምሌ ፀሐይ አሥር ሜትር የሚረዝም አርቪ በአንድ የጣሪያ ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) አይበርድም፤ ሳሎኑ ሲቀዘቅዝ መኝታ ክፍሉ እንደጋለ ያመሻል። ሁለተኛውን ኤሲ ጣሪያ ላይ ማሳረፍ ያን ያህል አያስቸግርም። ብዙ አርቪዎች በየጎኑ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የአየር ማስወጫ ክፍተት አላቸው፤ የጣሪያ ኤሲም ለዚሁ ልክ ይሠራል። ችግሩ የሚጀምረው ኃይሉ ከየት ይምጣ ሲባል ነው።

አርቪዎች ከሚያርፉበት ፓርክ ኃይል የሚወስዱት በአብዛኛው በሁለት ዓይነት መስመር ነው። ባለ 30 አምፒሩ ሦስት እግር ያለው ስፒና ሲኖረው፣ በ120 ቮልት የሚሰጠው 3,600 ዋት ነው። ባለ 50 አምፒሩ ግን አራት እግር ያለው ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 50 አምፒር የሚሸከሙ ሁለት የ120 ቮልት መስመሮችን በአንድ ገመድ ያመጣል፤ በድምሩ 12,000 ዋት ይሆናል። ቁጥሩ ሲነበብ ልዩነቱ 20 አምፒር ብቻ ይመስላል፤ በተግባር ግን ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ቮልቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተለመደው 220 በግማሽ ገደማ ስለሚያንስ፣ ለተመሳሳይ ዋት የሚፈሰው ከረንት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። የሽቦ ውፍረት እዚያ ይህን ያህል የሚያሳስበውም ለዚህ ነው።

የማቀዝቀዝ አቅሙ 13,500 ቢቲዩ የሆነ ኤሲ በሙቀት ሰዓት 14 አምፒር ገደማ ይወስዳል። ሁለቱ ሲደመሩ 28 ስለሚሆኑ 30ውን የማያልፉ ይመስላል። ነገር ግን ለሰዓታት የማይቋረጥ ጭነት ከብሬከሩ አቅም 80 በመቶ፣ ማለትም 24 አምፒር፣ እንዳያልፍ ይመከራል። ባትሪ መሙያው፣ ማቀዝቀዣውና የውሃ ማሞቂያውም ድርሻቸውን ይፈልጋሉ። የኤሲው ኮምፕረሰር በሚነሣበት ቅጽበት ደግሞ ከመደበኛው ከአራት እጥፍ በላይ ይስባል። የስፒናውን እግር ብቻ የሚቀይር አስማሚ ይህን አይፈታም፤ ከ50 ሶኬት ወደ 30 ገመድ ቢቀጠል፣ የሚገኘው ያው 30 ነው።

ባለ 30 አምፒር አርቪ ላለው ሰው ከሁሉ የሚሻለው ለሁለተኛው ኤሲ ብቻ የሚሆን የተለየ መስመር መዘርጋት ነው። በአርቪ ፓርኮች የኃይል ምሰሶ ላይ ከ30ው ጎን ብዙውን ጊዜ ራሱን የቻለ ባለ 20 አምፒር ሶኬት ይገኛል። በአርቪው ጎን ሁለተኛ የገመድ መግቢያ ይገጠማል፤ ከእሱም በአሜሪካ መለኪያ 12 ቁጥር የሆነ፣ 3.3 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ሽቦ በ20 አምፒር ብሬከር በኩል ወደ ኤሲው ይሄዳል። የዚህ መስመር ኒውትራል ከዋናው ሳጥን ኒውትራል ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም። ከተገናኘ የሚመለሰው ከረንት በሁለቱ ገመዶች ይከፋፈላል፤ የ20 አምፒሩ ሶኬት የከረንት ፍሳሽ መከላከያም ወዲያው ያጠፋዋል። ግራውንዱ ግን ከተሽከርካሪው አካል ጋር መያያዝ አለበት።

ከውጭ የሚዘረጋው ገመድም ቀላል ነገር አይደለም። 15 ሜትር የሆነ 12 ቁጥር ገመድ 14 አምፒር ሲሸከም 2 ቮልት ገደማ ይጥላል። በዚያው ርዝመት ስስ የሆነው 16 ቁጥር ከ5 ቮልት በላይ ይጥላል፤ ከ70 ዋት የሚበልጥ ሙቀትም ገመዱ ውስጥ ይቀራል። ተጠቅልሎ በተቀመጠ ገመድ ላይ ይህ ሙቀት መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩን ያቀልጣል።

አርቪውን ሙሉ በሙሉ ወደ 50 አምፒር ማሳደግም ይቻላል፤ ገመዱ፣ መግቢያውና የብሬከር ሳጥኑ አብረው ስለሚለወጡ ወጪው ይከብዳል። ሌላው አማራጭ ሁለቱን ኤሲዎች በየተራ የሚያሠራ ተቆጣጣሪ መግጠም ነው፤ ርካሽ ነው፣ በከባድ ሙቀት ግን ሁለቱም አብረው የሚፈለጉበትን ሰዓት አይሸፍንም። ለስላሳ ማስነሻ የሚባለው መሣሪያ የመነሻውን ከረንት በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። በተለይ ለአነስተኛ ጄኔሬተር ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሆኖም ኤሲው ከተነሣ በኋላ የሚወስደውን አይቀንስም። በባትሪ ማሠራት ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ውድ ነው። 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ ባለ 12 ቮልት ሊቲየም ባትሪ አንዱን ኤሲ እንኳ ያለ ማቋረጥ አንድ ሰዓት አያሠራም።

በመኖሪያ ቤት የሚፈጸም አንድ ስሕተት ብዙ ንብረት አቃጥሏል። የአርቪው ባለ 30 አምፒር መስመር 120 ቮልት ሲሆን፣ ለልብስ ማድረቂያ የሚዘረጋው 30 አምፒር ግን 240 ነው። በአምፒሩ መመሳሰል ተሳስቶ የማድረቂያውን መስመር ለአርቪ የሚያገናኝ ኤሌክትሪሻን በአርቪው ውስጥ ያለውን ዕቃ በቅጽበት ያበላሻል። ስለዚህ አርቪው ከመሰካቱ በፊት ሶኬቱ በመለኪያ መፈተሽ አለበት።

ሥራው ሲያልቅ ሁለቱም ኤሲዎች በቀኑ ሞቃት ሰዓት አብረው አንድ ሰዓት ይሠራሉ፤ ቮልቱ በአርቪው ውስጥ ይለካል፤ ስፒናዎቹም በእጅ ይዳሰሳሉ። ንባቡ ከ105 ቮልት በታች ከወረደ ወይም ስፒናው ካቃጠለ፣ ምክንያቱ ተገኝቶ እስኪታረም ድረስ አንዱ ኤሲ መጥፋት አለበት።